ደረሰ የዋሸ ዕለት

አዋሳ ሜዳ ናት። እንደ ይርጋለም ወይም እንደ ዲላ ቢሆን ኖሮ፣ አልነሳ ያለች መኪና ቁልቁለት ላይ ትለቀቅና ነፍስ ትዘራለች። አዋሳ ላይ ግን የሚገፋ ሰው ያስፈልጋል። ወይዘሮ እታፈራሁ የሞቱት የሚገፋ ሰው ጠፍቶ ነው።

እሁድ ጠዋት ነበር። የቀበሌው ሰው በሙሉ ለስብሰባ ተጠርቷል፤ የቀረ ሰው ለምን ቀረህ መባሉ አይቀርምና በባህል አዳራሽ በኩል ያለው ሰፈር ጭር ብሏል። የወይዘሮ እታፈራሁ ባለቤት አቶ ኃይለሚካኤል፣ የአንድ ትልቅ መሥሪያ ቤት ኃላፊ፣ ለሥራ ቦረና ወርደዋል። የቆየው የልብ ሕመም ትንፋሽ ሲያሳጥራቸው ልጃቸው ሙሉጌጥ ደግፋ ነጯ ፔጆ ውስጥ አስገባቻቸውና ቁልፉን ጠመዘዘች። መብራቱ ቦግ አለ። ሞተሩ ግን ቀጭ አለና ዝም። ደጋግማ ጠመዘዘች፤ ቀጭ፣ ዝም። ከቤት ሠራተኛዋ ከከበቡሽ ጋር ሆነው ለመግፋት ቢታገሉም ጎማው የደጁ አሸዋ ውስጥ ሰምጦ እዚያው ቀረ። ሮጠው ጋሪ እስኪያመጡ ጊዜው ሄደ። ወይዘሮ እታፈራሁ ጋሪው ላይ፣ የልጃቸውን ትከሻ እንደተደገፉ፣ ሆስፒታል ሳይደርሱ አረፉ።

ይህን ሁሉ ደረሰ የሰማው ከሰው አፍ ነው። ደረሰ በአቶ ሙህዲን ጋራዥ የመኪና ኤሌክትሪክ የሚሠራ፣ ከከምባታ የመጣ፣ አዲስ ከተማ ሰፈር አንዲት ክፍል ተከራይቶ የሚኖር ወጣት ነው። ያችን ፔጆ ከባለቤቶቿ ይልቅ እሱ ያውቃታል። እውነቱን እንናገር ከተባለ ግን እሷ ላይ ያን ያህል ጊዜ የፈጀው ለመኪናዋ ብሎ አልነበረም።

ነገሩ የጀመረው ክረምቱ ሲወጣ ነው። ፔጆዋ አንድ ቀን ትነሳለች፣ አንድ ቀን ሞቼ እገኛለሁ ትላለች። ጋራዥ ስትመጣ ደግሞ እንደ ጨዋ ልጅ በመጀመሪያው ትነሳለች። መካኒክን እንዲህ ያለ ብልሽት የሚያናድደው የለም፤ ባላየው ነገር ባለቤቱ ያፈጥበታል። ደረሰ ባትሪውን አየ፤ ደህና ነው። አንድ ቀን ግን አቶ ኃይለሚካኤል ደጅ ቀጭ ብላ እንደቆመች ደረሰባት። ከሥር ገብቶ ሞተሩን የሚያስነሳውን ሞተሪኖ በመዶሻ እጀታ ቀስ ብሎ መታ መታ ሲያደርገው ተነሳች። ሕመሙ ያኔ ታወቀ፤ ውስጡ ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፈው ካርቦን ተፍቆ አልቋል። በዚያ ዘመን የፔጆ ካርቦን ወርቅ ይዘው ቢዞሩም አይገኝም። ደረሰ የጭነት መኪና ካርቦን ፈልጎ በሞረድ እየሞረደ፣ እየለካ፣ እንደገና እየሞረደ ልኩን አገኘና ገጠመላት። ከዚያ ወዲያ መበላሸት አልነበረባትም።

ተበላሸች። አቶ ኃይለሚካኤል ጠዋት ሥራ ሊገቡ ሲሉ ቀጭ፤ «ያን ልጅ ጥሩት!» ይባላል። ደረሰ ዕቃውን ብስክሌት ላይ ጭኖ ይከንፋል። ሙሉጌጥ በረንዳው ላይ ቆማ ትጠብቀዋለች። አስተማሪ ናት፤ ደብተር የምታርም መስላ ትቆማለች እንጂ ዓይኗ ከደብተሩ ላይ የለም። ውሃ ታመጣለታለች። ብርጭቆውን ሲቀበል ጣታቸው ይነካካል፤ ሁለቱም እንዳልተነካካ ይሆናሉ። «ይሄ ምንድን ነው? ያኛውስ?» እያለች ሞተሩን ትጠይቀዋለች፤ እሱም ያስረዳታል። ሲመለስ መንገዱን ሳያይ ይነዳል፤ አንድ ቀን የጋሪ ፈረስ ሊረግጠው ለጥቂት ተረፈ።

ብልሽቱ ግን አልጨበጥ አለው። በሙቀትም በብርድም አይደለም፤ በዝናብም በፀሐይም አይደለም። በመጨረሻ አንድ ጠዋት፣ እዚያው ደጃቸው፣ በጋራዥ ቋንቋ ማሳ የሚሉትን፣ ሞተሩን ከመኪናዋ አካል ጋር የሚያገናኘውን ጠፍጣፋ ሽቦ አየ። ሽቦውን የሚይዘው ዳዶ ላልቷል። ዙሪያው ሁሉ አቧራና ዘይት ለብሶ ሳለ ዳዶው ብቻ ተጠርጎ ያበራል። መኪና ራሷን አትጠርግም፤ ይሄ የሰው ጣት ነው። ቀና ሲል ሙሉጌጥ ፊቱ ቆማለች፤ ፊቷ ፍም መስሏል።

«አንቺ ነሽ?» አላት።

«ካልተበላሸ ማን ይጠራሃል?» አለችው።

ሁለተኛ እንዳትነኪው ማለት ነበረበት። አላለም። ሳቀ፤ እሷም አፏን በነጠላዋ ሸፍና ሳቀች። በሌላ መንገድ መገናኘት አይችሉም ነበርና። አቶ ኃይለሚካኤል ከጎጃም ይዘውት በመጡት ዘራቸውና በጾማቸው የሚኮሩ ሰው ናቸው። ደረሰ ደግሞ ጴንጤ ነው፤ ያውም ቸርቹ የታሸገበት፣ በየሰው ጓዳ ድምፁን ዝቅ አድርጎ የሚጸልይ። ልጅዎን ይስጡኝ ቢላቸው ምን እንደሚመጣ ሁለቱም ያውቃሉ። አቶ ኃይለሚካኤል ስለ እሱ የሚያወሩለት አንድ ደግ ነገር ብቻ ነበር። «ጴንጤ ይሁን እንጂ» ይላሉ ለእንግዳ ሁሉ፣ «ይህ ልጅ አይዋሽም።»

እና ዳዶው ይላላል፤ ደረሰ ይጠራል፤ ዳዶው ይጠብቃል። ሞኝነት ነው ትሉ ይሆናል። የወደደ ሰው ግን ምን ብልሃት አለው?

*

በሰባተኛው ቀን ጠዋት ደረሰ ወደ ለቅሶው ቤት ተጠራ። ድንኳኑ ገና አልተነሳም። አቶ ኃይለሚካኤል ካፖርታቸውን ደርበው መኪናዋ አጠገብ ቆመዋል። ከዚያ ቀን ወዲህ የነካት ሰው የለም።

«እግዚአብሔር ያጽናዎት፣ ጋሼ» አለ ደረሰ።

«ደረሰ፣ ልጄ፣ ይቺን መኪና ፈታታት። ምን ሆና እንደቆመች እወቅና ንገረኝ። ነገሩን ሳላውቀው እንቅልፍ አይወስደኝም። ሌላ መካኒክ አላስጠራሁም፤ አንተ አትዋሸኝም።»

ይህን ብለው ወደ ድንኳኑ ተመለሱ። ወዲያው ሙሉጌጥ የእናቷን ነጠላ ከኋላ ወንበር የምታነሳ መስላ መጣች። ጥቁር ለብሳለች፤ ፀጉሯን ተላጭታለች። ዓይኗ ደርቆ ወደ ውስጥ ገብቷል። ደረሰ እንዲህ ሆና አይቷት አያውቅም።

«ቅዳሜ ፈትቼው ነበር» አለች በሹክሹክታ። «አባባ ሰኞ ሲመለስ እንዲጠራህ ብዬ።»

ደረሰ የሚሰማ ሰው እንዳለ ወደ ድንኳኑ አየ።

«እሁድ ጠዋት ግን አጠበቅኩት። እማዬን አስገብቼ፣ ኮፈኑን ከፍቼ፣ አጠበቅኩት ደረሰ! አልነሳ አለኝ። በደንብ ይጥበቅ አይጥበቅ አላውቅም። እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። እማዬ ደግሞ ‹ቶሎ በይ ልጄ› ትለኝ ነበር።»

«ሙሉዬ፣ ተይ እንደሱ አትበይ።»

«ሰው ሁሉ አልቅሺ፣ ይውጣልሽ ይለኛል። ምን ብዬ ላልቅስ? ገድሎ የሚያለቅስ ሰው አለ?» ነጠላውን ደረቷ ላይ ጨመቀችው። «እውነቱን አንተ ብቻ ነህ የምታውቀው። የኔ እጅ ከሆነ ንገረኝ። እኔ ከዚያ ወዲያ አልኖርም፤ ሐይቁ ሩቅ አይደለም።»

አልጮኸችም፤ ድምፅዋም አልተለወጠም። ደረሰን ያስደነገጠውም ይኸው ነው። እሷ ወደ ቤት ስትገባ እሱ ኮፈኑን ይዞ ቆሞ ቀረ።

መኪናዋን ወደ ጋራዥ መግፋት ነበረበት። ገና ሳይጠራ ለቀስተኞቹ ከድንኳኑ ወጡ። ጋቢያቸውን እንደለበሱ፣ ሽማግሌ ጎልማሳው፣ ፔጆዋን ከኋላም ከጎንም ከበቧት። በአንድ ትንፋሽ ከአሸዋው ወጣች።

«ያን ዕለት ብንኖር» አሉ ጎረቤቱ አቶ ገብረየስ እየገፉ፤ «ስብሰባው ባይኖር…»

አልጨረሱትም። በዚያ ጊዜ እንዲህ ያለ ዓረፍተ ነገር የሚጨርስ ሰው አልነበረም። ሁሉም አንገቱን ደፍቶ ገፋ። ደረሰ መሪውን ይዞ፣ ይህ ሁሉ ትከሻ ያን ጠዋት የት ነበር እያለ በሆዱ አለቀሰ።

*

አቶ ሙህዲን ሌላ ሥራ አቁመው በሩን ገርበብ አደረጉ። ደረሰ ቁልፉን ጠመዘዘ፤ መብራቱ ቦግ፣ ሞተሩ ቀጭ። እጁን ወደ ማሳው ሰደደ። ዳዶውን በጣቱ ያዘና ጎተተው። አልነቃነቅም አለ። ወዘወዘው። ጥብቅ ነው!

«ተመስገን!» አለ ጮክ ብሎ። አጥብቃዋለች። እሷ አይደለችም።

እንግዲያው ሞተሪኖው ነው ማለት ነው። ከሥር ተንጋሎ ገብቶ ፈታው፤ ደስታው እጁን ያፋጥነው ነበር። አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አሰረውና ከባትሪ ሽቦ አገናኘለት። ሞተሪኖው አጉረምርሞ ተሽከረከረ። ደገመ፤ ተሽከረከረ። በመዶሻ መታው፣ አገላበጠው፣ ሆን ብሎ አጋለው፤ ቢለው ቢሠራው አልቆምም አለ። ውስጡን ከፈተ። እሱ ራሱ የሞረደው ካርቦን ገና ሙሉ ነው።

«ይሄማ ጤነኛ ነው» አሉ አቶ ሙህዲን።

ደረሰ ወደ መኪናዋ ተመለሰ። መፍቻ አምጥቶ ያን ጥብቅ ዳዶ መፍታት ጀመረ። ዳዶው እየተንገጫገጨ፣ ብረቱን እየላጠ ወጣ። ጥርሱን ስቶ፣ ተንጋዶ ነው የገባው። በሚንቀጠቀጥ እጅ፣ በጥድፊያ፣ ያለ የሌለ ኃይሏን ተጠቅማ ስታጠብቀው አለቦታው ነክሶ ቀረ። ለሚነካው ሰው ጥብቅ ነው፤ ከሥሩ ያለው ሽቦ ግን በደንብ ሳይያዝ ተንጠልጥሏል። የነካካበት ቦታ ተቃጥሎ ጠቁሯል።

ደረሰ መሬት ላይ ተቀመጠ። ያን ዳዶ ያሳያት እሱ ነው። ስትፈታው የሳቀው እሱ ነው። አሁን ደግሞ እውነቱ መዳፉ ላይ ነው፤ እውነቱን ይዞ ሲሄድ ሙሉጌጥ በየት በኩል እንደምትሄድ አውቋል። «ጌታ ሆይ» አለና ቆመበት። ለመዋሸት እርዳኝ ተብሎ እንዴት ይጸለያል? የሚያማክረው ሽማግሌ የለም፤ ቸርቹ በር ላይ ማኅተም አለ።

ከዚያ ተነሳ። የተበላሸውን ብሎን ከነዳዶው አውጥቶ የወዳደቀ ብረት መሃል ወረወረው። በአዲስ ተካው፤ ሽቦውን በብርጭቆ ወረቀት ፈትጎ አጸዳው፤ አጠበቀው። ቀጥሎ የአሮጌ ዕቃ ሳጥኑን አገላብጦ ያለቀ፣ የተበላ ካርቦን አወጣ። አቶ ሙህዲን የሁለቱን ነገር ከቆየ ጠርጥረው ነበርና፣ ሲያዩት ቆይተው ገባቸው።

«ወላሂ፣ ምን ልትሠራ ነው? እኔ ነኝ ልትል ነው?»

«አዎ፣ ጋሽ ሙህዲን።»

«ሰውየው ባለሥልጣን ነው እኮ፤ ያሳስርሃል። እሱስ ይቅር፤ ልጅቷ ሁለተኛ ዓይንህን ማየት የምትፈልግ ይመስልሃል?»

«አውቃለሁ።»

አቶ ሙህዲን እጃቸውን ሊታጠቡ ወጡና ሳይታጠቡ ተመለሱ።

*

አቶ ኃይለሚካኤል ከሰዓት በኋላ መጡ። ሙሉጌጥ አብራቸው ነበረች፤ ቤት ቆዪ ብትባል እንቢ ብላለች። ደረሰ ወደ እሷ አልተመለከተም። ካያት አፉ እንደሚከዳው ያውቃል። ያለቀውን ካርቦን በመዳፉ ዘረጋላቸው።

«ይሄ ነው ጋሼ። ካርቦኑ አልቋል፤ ሞተሪኖው መዞር አልቻለም።»

«ሌላ ያገኘኸው የለም?»

«ሁሉንም ፈትሻለሁ። ባትሪው ደህና ነው። ማሳውም ጥብቅ ነው፤ እንኳን ሊላላ በመፍቻም በግድ ነው የተፈታልኝ።»

ሙሉጌጥ ከአባቷ ጀርባ ረጅም ትንፋሽ ስታወጣ ሰማት። ሰባት ቀን ሙሉ ይዛው የኖረችው ትንፋሽ ይመስል ነበር።

«ይህን ካርቦን ያስገባኸው አንተ አይደለህም እንዴ?» አሉ አቶ ኃይለሚካኤል። «ዓመት ይሄዳል ብለኸኝ አልነበር?»

«ብዬ ነበር፤ ቶሎ አለቀ። ባለፈው ቤት ስመጣ ማለቁን አይቻለሁ።»

«አይተኸው ነበር?»

«አይቼ ዝም አልኩ።»

«ለምን?»

ይህን ያለችው ሙሉጌጥ ናት። አሁን ቀና ብሎ ሊያያት ግድ ሆነ። ዓይኗ ውስጥ ገና ፍቅር አለ፤ አይደለም በለኝ እያለ ይለምነዋል። ያን ፍቅር ካልገደለ ሌላው ሁሉ ከንቱ መሆኑ ገባው።

«ሥራ እንዳይጎድልብኝ ብዬ» አለ። «ስትበላሽ ትጠሩኛላችሁ። ደህና ከሆነች ማን ይጠራኛል?»

ሙሉጌጥ ራሷ የተናገረችውን ቃል ከሱ አፍ ስትሰማ ፊቷ ተለወጠ። «እኔ ደግሞ» አለች፤ «እኔ ደግሞ ሌላ መስሎኝ…» አልጨረሰችውም። ዓይኗ ውስጥ የነበረው ነገር ሲጠፋ ደረሰ ቆሞ አየ። በቦታው ጥላቻ መጣ፤ ንጹሕ፣ ጤነኛ ጥላቻ። ሰው በሱም ቢሆን ይኖራል።

አቶ ኃይለሚካኤል ከዘራቸውን አነሱ። እጃቸው አየር ላይ ቆየና ወረደ።

«ላሳስርህ እችል ነበር» አሉ ድምፃቸው እየተሰበረ። «ብዙ ሰው ዋሽቶኛል። አንተ ቢያንስ እውነቱን ነገርከኝ። ለእውነትህ ስል ብቻ ትቼሃለሁ።»

በከዘራው ቢመቱት ይሻለው ነበር።

ያኔ ሙሉጌጥ ዘይት የጠጣው የጋራዡ መሬት ላይ ተደፋች። «እማዬ!» አለች። «እማዬ፣ እናቴ፣ ወይኔ እናቴ!» ድንኳን ውስጥ ያልወጣው ልቅሶ ሁሉ እዚያ ወጣ። አባቷ አጠገቧ ተንበርክከው አቀፏት፤ ተቃቅፈው እንደ ሰው፣ እናት እንደሞተችባት ልጅ፣ ሚስት እንደሞተችበት ባል አለቀሱ። ደረሰ ሊያነሳት እጁን ዘረጋና መለሰው። ይህን ልቅሶ ሊሰማ ነበር የዋሸው፤ ሲሰማው ግን ደስታ ነው ሐዘን ነው ለይቶ ማወቅ አቃተው።

እነሱ አግዳሚው ላይ ተቀምጠው ሲጠብቁ ሞተሪኖውን ደህናው ካርቦን ውስጡ እንዳለ መልሶ ገጠመው። ብሎኖቹን አንድ በአንድ አጠበቀ፤ ማሳውን እንደገና ሞከረ። ቁልፉን ለአቶ ኃይለሚካኤል ሲሰጥ እሳቸው ሳያዩት ተቀበሉት።

በመጀመሪያው ተነሳች። ሙሉጌጥ እናቷ ትቀመጥበት የነበረው ቦታ ላይ ተቀምጣ ወደ ፊት ብቻ ታያለች። አቶ ሙህዲን በሩን ከፈቱ። ፔጆዋ በሩ ጋ ስትደርስ፣ መንገዱን ለማየት ዝግ ስትል፣ ደረሰ እዚያው እንድትቆምለት፣ አንዴ ቀጭ ብላ ዝም እንድትልለት ከልቡ ተመኘ። አልቆመችም። ሁለተኛ እንዳትቆም አድርጎ የጠገናት እሱ ነው።